መቼ መጡ?

ሥራዬ አማርኛ ማስተማር ነው። ስለዚህ ጥፋቴን በቃል አለመግባባት ላሳብብ ብል አፌ እሺ አይለኝም። በአንድ ግስ ሰው አፈናቅያለሁ፤ ግሱም የአንደኛ ክፍል ልጅ የሚያውቀው «መጣ» ነው።

ያኔ የማስተምረው ከቴፒ ወጣ ብላ በምትገኝ ትንሽ የገጠር ቀበሌ ነበር። አንድ ቀን ከበላይ መመሪያ ወረደ። ደኑ እያለቀ ስለሆነ ከእንግዲህ አዲስ ሰፋሪ አይገባም፤ ቀድሞ የሰፈረ ተመዝግቦ ባለበት ይኖራል፤ ባለፉት ሁለት ዓመታት የገባ ግን መሬቱን ለቆ ይወጣል ይላል። ያለ ምክንያት የወጣ አልነበረም። የአገሬው የሸኮ ሽማግሌዎች አያቶቻቸው ቀፎ የሰቀሉበት ዛፍ በአንድ ሳምንት ከሰል ሲሆን በዓይናቸው አይተዋል። ማንም ቢሆን ይቆጣል። መመሪያው በስብሰባ ሲነበብ እኔም ከልቤ አጨብጭቤአለሁ።

መዝጋቢ ሲፈለግ እንደ ልማዱ አስተማሪ ተጠራ። የምርጫ ካርድ ይሁን የወባ አጎበር፣ ስም የሚጻፍበት ነገር ሁሉ የእኛ ዕዳ ነው። የቀበሌው የምዝገባ ኮሚቴ ሰብሳቢ ቅጹን ሲያስረክበኝ ሳቅ ብሎ «አንቺም ብትሆኚ ከሰሜን የመጣ ሰው ልጅ ነሽ፤ ለመጤ እንዳታደዪ» አለኝ። ቀልድ ነበር። ሚዛን ተፈሪ ተወልጄ፣ ሚዛን ተፈሪ ያደግኩ ብሆንም ቀልዱ ሆዴ ገብቶ ቀረ።

ከቤቴ ቀጥሎ የሚኖሩት ጎረቤቴ ከከምባታ በኩል የመጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሽማግሌ ነበሩ፤ ጋሼ እላቸዋለሁ። እኔ እዚያ ትምህርት ቤት ስመደብ ቡናቸው ከቁመቴ በላይ ነበር። መሬታቸውን ሲያለሙ አንድ ዋንዛ አልቆረጡም፤ ቡናውን ከጥላው ሥር ተከሉ እንጂ። አንድ የሸኮ ሽማግሌ ቀፏቸውን የሚሰቅሉት እዚያው ዋንዛ ላይ ነው፤ ማር ሲቆረጥ ለእኔም ይደርሰኝ ነበር። ከምዝገባው ሁለት ዓመት ገደማ በፊት እናታቸው ታመው ጋሼ አገራቸው ሄዱ። አስታመው፣ ቀብረው፣ እርማቸውን አውጥተው ሲመለሱ ስምንት ወር አልፎ ነበር። ቡናውን እየጎበኙ የቆዩላቸው የሸኮው ሽማግሌ ናቸው። እንኳን ደህና መጡ ብዬ ዳቦ ይዤ የሄድኩት ደግሞ እኔው ነኝ።

በምዝገባው ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፤ ሰልፉ ደጅ ድረስ ነው። ተራቸው ደረሰ።

«ጋሼ፣ መቼ መጡ?» አልኳቸው፣ ቅጹ እንደሚለው።

«አምና ነዋ፣ ከመስቀል በኋላ! ረሳሽው እንዴ ቲቸር?»

ከገበያ የተመለሰ መጣ ይባላል። ከቀብር የተመለሰም መጣ ነው፤ አገሩን ለቆ የሰፈረም መጣ ነው፤ «መጤ» የሚባለው ክፉ ቃል የወጣውም ከዚሁ ነው። ቤቱ ያለ ሰው ግን መቼ መጣህ ሲባል የሚታሰበው የመጨረሻው መንገዱ ነው። ጋሼ እዚያ አገር እንግዳ መሆናቸውን ረስተውት ነበር። ቤታቸው ነዋ!

እኔ አልረሳሁም። እስክሪብቶዬ ቆመ። «ጋሼ፣ እሱን አይደለም» ማለት ብቻ ነበረብኝ፤ ሦስት ቃል። ሰብሳቢው ከኋላዬ ቆሟል። «ለመጤ እንዳታደዪ» ያለኝ ትዝ አለኝ። የተነገረኝን ጻፍኩ። ከግርጌ «ተነቦልኝ፣ አምኜበት ፈረምኩ» የሚል መስመር አለ፤ ሳላነብላቸው አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክሬ አስፈረምኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

የሚወጡት ሰዎች ዝርዝር ቀበሌው በር ላይ ተለጠፈ። ቅሬታ ማቅረቢያው አምስት ቀን ነው። ጋሼ ማንበብ አይችሉም። አምስቱንም ቀን በደጃቸው አልፌ ትምህርት ቤት ሄድኩ፤ አምስቱንም ቀን ከቡናቸው መሀል ቀና ብለው ሰላም አሉኝ። ስመለስ እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ ስመለስ ደግሞ ነገ። መቼም ሰው ሳይነግራቸው አይቀርም እልም ነበር። ፈሪ ምንጊዜም አንድ ሌላ ሰው አያጣም።

በስድስተኛው ቀን ሰምተው ኮሚቴው ፊት ቀረቡ። የሸኮው ሽማግሌ፣ የኮሚቴው አባል ነበሩና፣ ተነሱ። «ይኼ ሰውዬ ልጄ ሳያገባ እዚህ ነበረ። ልጄ አሁን አምስት ወልዷል። ዛፌን አልነካም። እሱን መጤ ማለት የሚገባው ለእኔ ነው ወይስ ለእናንተ?»

ሰብሳቢው ቅጹን አነሳ። «በገዛ አፋቸው ተናግረው በጣታቸው ፈርመዋል» አለና ወደ እኔ ዞረ። «የተናገሩትን ነው የጻፍሽው?»

«የተናገሩትን ነው» አልኩ።

አልዋሸሁም። እውነት ተናግሬ እንደዚያ ያፈርኩበት ቀን ግን የለም፤ እስከ ዛሬ አፍራለሁ። ጋሼ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ልጅቷን አታስጨንቋት፤ ብያለሁ» አሉ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ እሳቸው ደግሞ ያሉትን አላልኩም ማለት ነውር የሚመስላቸው ሰው ናቸው። እኔን እንዳያዋርዱ ብለው የሚከራከሩበትን መንገድ በገዛ እጃቸው ዘጉት።

ቡናው መቅላት ሲጀምር ወጡ። መሬቱ ለሌሎች የቀበሌው ነዋሪዎች ተሰጠ። በሁለተኛው ዓመት ዋንዛዎቹ ጣውላ ሆኑ፤ ቡናውን ፀሐይ መታው። የሸኮው ሽማግሌ ቀፏቸውን አውርደው ወሰዱ፣ የእኔንም ሰላምታ መመለስ ተዉ። መመሪያው የወጣው ደን ለማዳን ነበር። እኔ ወደ ሚዛን ዝውውር ጠየቅኩ፤ ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ «ጤና» ብዬ ጻፍኩ።

ዘንድሮ ኅዳር ላይ ሚዛን መናኸሪያ አጠገብ ሳልፍ አንድ ሰው «ቲቸር!» ብሎ ጮኸ። ቡና ለቃሚዎች ይዞ ወደ ቴፒ ከሚሄድ አይሱዙ አጠገብ ጋሼ ቆመዋል፤ ከስተዋል፣ ጥርሳቸውም ረግፏል። ለለቀማ ነው የመጡት። ለለቀማ መምጣት አይከለከልም፤ የሚከለከለው እዚያው መቅረት ነው። ለዓመታት ያጠናሁት ይቅርታ ነበረኝ። «ጋሼ፣ እኔ…» ብዬ ስጀምር እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«ዋንዛዎቹስ? ደህና ናቸው?»

ዓይናቸውን ማየት አቃተኝ። «ደህና ናቸው ጋሼ» አልኩ።

«እንኳን! እነሱ ካሉ ቡናው አይሞትም» አሉ፣ ፊታቸው በርቶ። «ለቀማው ሲያልቅ በዚያ በኩል አልፌ አያቸዋለሁ።»

ሾፌሩ ክላክስ አደረገ። ለቃሚዎቹ ጎትተው አይሱዙው ላይ አወጧቸው፤ ከላይ ሆነው ባርኔጣቸውን አወለቁልኝ። ይቅርታዬ አፌ ውስጥ እንዳለ መኪናው ወደ ቴፒ መንገድ ታጠፈ።