ጋሽ ጎማ ጫካ ሲገቡ

ሆስፒታሉ ውስጥ እውነተኛ ስማቸውን የሚጠራ ሰው አላጋጠመኝም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በሽተኛ በባለ ጎማ አልጋ ሲገፉ ስለኖሩ ሁሉም «ጋሽ ጎማ» ይላቸዋል። ኮሪደሩ የት ጋ እንደተሰነጠቀ፣ የትኛው በር እንደሚከብድ በእግራቸው ያውቁታል። እኛ ሦስታችን ደግሞ ሕክምና ልንጨርስ ጥቂት የቀረን ተለማማጆች ነን፤ ለሁለት ወር በበጎ ፈቃድ ልናገለግል ሰው አገር የመጣን። አገልግሎታችን በአብዛኛው መንገድ መዝጋት ነበር። «ልጆቼ፣ ዞር በሉ» የሚሉን እሳቸው ናቸው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ጋሽ ጎማ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ጫካውን ያሳያሉ። ተወልደው ያደጉት ከከተማው ጀርባ ካለው፣ ዝናብ ከማይለየው ደን ዳር ነው። እኔ በእግሬ ሩቅ ሄጄ አላውቅም፤ ጓደኞቼ ቦት ጫማ ሲገዙ ግን ገዛሁ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች። ጋሽ ጎማ አዲሱ ጫማዬ ሲጮህ ሰምተው፣ «ይሄ ጫማ ብቻውን ነው የሚሄደው ወይስ አንቺም አለሽበት?» አሉኝ።

አሥር ደቂቃ እንደሄድን ሰማዩ ጠፋ። ዛፍ ማለት ምን እንደሆነ እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር። አንዱን ግንድ ሦስታችን እጅ ለእጅ ተያይዘን ልናቅፈው ሞከርን፤ ግማሹ ላይ እንኳ አልደረስንም። ጫፉን ፍለጋ ቀና ብዬ አንገቴን አመመኝ እንጂ አላገኘሁትም። ዝናቡን ከላይ እንሰማዋለን፣ እኛ ጋ የሚደርሰው ግን ቅጠል ለቅጠል ተቀባብሎት፣ ዘግይቶ ነው። ላይ ካባራ በኋላ ሩብ ሰዓት ሙሉ ዘነበብን። ይህ ሁሉ ምድር ላይ እያለ መጽሐፍ ላይ አቀርቅሬ መኖሬ አናደደኝ።

ከደኑ ይልቅ ያስደነቁኝ ግን እሳቸው ናቸው። መንገድ የሚባል በሌለበት፣ ሥር ሳይጠልፋቸው፣ ጭቃ ሳያዳልጣቸው ይሄዳሉ። ቅርፊት ዳሰስ አድርገው «ወደ ግራ» ይላሉ። ቆም ብለው ያዳምጡና «ወንዙ ሞልቷል፣ በላይ በኩል እንሻገር» ይላሉ፤ ወንዙን ያየነው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። እጃችንን በአፋችን ጫንን።

ወንዙ ጋ ደኑ ገለጥ አለና ፀሐይ ሆነ። መሻገሪያው የወደቀ ግንድ ነው። ጋሽ ጎማ አንድ እግራቸውን አነሱ። ከግንዱ ውጪ፣ አየር ላይ ሊረግጡ ሲሉ ክንዳቸውን አፈፍ አደረግኩ።

«ጋሼ! ምን ሆኑ?»

እግራቸውን ወደ ግንዱ መለሱ። «ፀሐይ ላይ አይታየኝም። ጥላ ውስጥ ደህና ነኝ፤ ከወጣሁ ጭጋግ ነው። ይኸው ሦስት ዓመቱ። ኮሪደሩን ስለለመድኩት አልነቁብኝም። ከነቁ ግን ዕውር አልጋ አይገፋም ብለው ቤት ያስቀምጡኛል። አደራ፣ አታውጡብኝ።»

ተለማማጅ ሐኪም በሽታ ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ ቢያሳፍርም እውነት ነው። ድንጋይ ላይ አስቀመጥናቸው። ሳይጠየቅ ስለሚመልስ «ፕሮፌሰሩ» የምንለው ጓደኛችን የስልኩን መብራት ዓይናቸው ላይ አበራ። «የዓይን ሞራ ነው!» አለ። የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ «መጀመሪያ ስኳር መኖር አለመኖሩ ይጣራ» አለች። እኔም አልቀረሁም፤ ሞራው ከየት በኩል እንደሚጀምር፣ ብርሃን ለምን እንደሚያብሰው ተነተንኩ። አናታቸው ላይ ቆመን ተከራከርን።

ጋሽ ጎማ እስክንጨርስ ጠበቁን። ከዚያ ክፍል ውስጥ እንዳለ ተማሪ እጃቸውን ትንሽ ከፍ አደረጉ።

«ልጆቼ፣ ስሙንስ ሰማሁት። ይድናል ወይ?»

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኛ ደግሞ መድኃኒቱን ደብቀንባቸው ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«የዓይን ሐኪሙ ይየው እንጂ ይድናል» አልኩ። «ሞራው ወጥቶ በቦታው ሌላ ሌንስ ይገባል። ማክሰኞ ማክሰኞ የሚገፏቸው ሽማግሌዎች እኮ ለዚሁ ነው የሚገቡት።»

«እነዚያ ዓይናቸው ታሽጎ የማወጣቸው?» ድምፃቸው ተሰበረ። «እኔ እኮ ይባስ ታውረው የሚወጡ ነው የመሰለኝ!»

«እሽጉ የሚነሣው በማግስቱ ነው፣ ጋሼ። ከዚያ እያዩ፣ በእግራቸው ቤታቸው ይገባሉ።»

«በእግሩ የሚሄደውን በምን ላየው» አሉ። «እኔን የሚጠሩኝ መራመድ ላቃተው ነው።»

የሚያለቅሱ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ አየኋቸው። በሁለቱም ዓይናቸው እንባ እየወረደ ይስቁ ነበር።

በኋላ ትከሻዬን ይዘው ተነሡ።

«ዛሬ ቅዳሜ ነው አይደል?» አሉ። «ኧረ ማክሰኞ ሩቅ ነው።»