ፈተና እስክትጨርስ

ሥራዬ ማሳወቅ ነው። የስምንተኛ ክፍል ሆም ሩም ነኝ፤ ጠዋት ስም እጠራለሁ፣ የቀረ ልጅ ካለ ቤቱ እደውላለሁ፣ በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ደግሞ ስለ ፈተና፣ ስለ ጉንፋን፣ ስለ ጠፋ ሹራብ እጽፋለሁ። ወላጅ የሚባል ፍጡር ግን ጽሑፍ አያነብም። «ነገ ትምህርት የለም» ብዬ ስለጥፍ ከሥሩ «አሜን» ይደረደራል፤ በማግስቱ ግማሹ ልጁን ይዞ በር ላይ ቆሞ ይቆጣኛል። እኔም መልሼ እቆጣለሁ። እዚሁ እንጦጦ ሥር፣ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ሠፈር ተወልጄ ያደግኩ ነኝና ቁጣ አይቸግረኝም።

እንዲህ ያለ ሥራ ይዤ ሳለሁ ነው ደብቂ የተባልኩት።

የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት አልቆ ትምህርት በተከፈተበት ሳምንት፣ የአንዲት ተማሪዬ እናትና የእናትየዋ ታላቅ ወንድም ሊያነጋግሩኝ መጡ። እናትየዋ ጉርድ ሾላ አንድ መሥሪያ ቤት የምትሠራ፣ በግሩፑ ላይ ከማያስቸግሩኝ ጥቂት ወላጆች አንዷ ናት። ጥቁር ለብሳለች። የተናገሩት አጎትየው ናቸው። የልጅቷ አባት በዕረፍቱ መሀል በድንገት ታሞ አርፏል። ልጅቷን ደብረ ብርሃን አክስቷ ዘንድ ልከው ቀብረውታል፤ ለቅሶውንም እሳቸው ቤት ተቀምጠዋል። ለእሷ የተነገራት ግን አባቷ ለሕክምና ህንድ አገር እንደሄደና ሐኪሙ ስልክ ማውራት እንደከለከለው ነው።

«ሚኒስትሪ እስክትፈተን ነው እንግዲህ» አሉኝ። «ከዚያ ዘመድ ተሰብስቦ በወጉ እናረዳታለን። እስከዚያ ከልጆቹም ከወላጆቹም አፍ እንዳይወጣ አደራዎን።»

እናትየዋ የቦርሳዋን ማንገቻ ትጠመዝዝ ነበር።

እሺ አልኩ። እሺ የማይል ማን አለ? እኛ ዘንድ በፈተና ሰሞን ለተማሪ መርዶ አይነገርም። የአክስቴ ልጅም እናቷ ማረፏን የሰማችው የመጨረሻውን የዩኒቨርሲቲ ፈተና ተፈትና ስትወጣ ነው። ሁሉም ደግ ተደረገ አለ፤ እኔም ደግ መስሎኝ ኖሬያለሁ።

ከዚያ ወዲያ ግን ሰላም አጣሁ። አንዲት ወላጅ ግሩፑ ላይ «ለቤተሰቡ መጽናናትን ይስጥልን» ብላ ከነሻማ ሥዕሉ ለጠፈች። ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ልጆቹን ጥያቄ ሥሩ ብዬ ጠመኔ በያዘ እጄ አጠፋሁት። ልጆች የእናታቸውን ስልክ ሲነካኩ ነው የሚያመሹት፤ አንዱ አይቶት ቢሆንስ? ለልጅቷ ቢያሳያትስ? በምሳ ሰዓት ወላጆቹን በየተራ እየደወልኩ መለመን ያዝኩ።

«ውይ ቲቸር፣ እኔ እኮ ለልጄ ነግሬዋለሁ። ግን አደራ ብዬዋለሁ» አለችኝ አንዷ።

ሌላዋም እንደዚያው። ሦስተኛውም። ቀስ በቀስ ገባኝ፤ ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። ክፍሉ በሙሉ ዝም ብሏል። ሳይሰዳደቡ የማይውሉ ልጆች፣ በአባት መሰዳደብ የሚባለውን ነገር ተዉት። ደስ ሊለኝ ሲገባ ይበልጥ ፈራሁ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ምስጢር ሲጠብቅ መልኩ ያስታውቃል። እሷ ስትገባ ወሬ ይቋረጣል፣ መንገድ ይለቀቅላታል፣ እስክሪብቶዋ ሲወድቅ ሁለት ሰው ያነሳላታል።

እሷ ደግሞ ውጤቷ ጨመረ። ሒሳብ ላይ የማትደፍር ልጅ እጇን ታወጣ ጀመር። ምሳ ዕቃዋን ግን ትከፍተውና ለጓደኞቿ እያጎረሰች ትጨርሰዋለች፤ ወደ ራሷ አፍ ሲሄድ አላየሁም። አንድ ጠዋት ሰልፍ ላይ አዙሯት ቁጭ አለች። ከሁሉ ያሳሰበኝ ግን አባቷን አለማንሳቷ ነው። አባቱ ታሞ ባሕር ማዶ የሄደበት ልጅ መቼ ይመጣል ይላል፣ አገሩን በካርታ ይፈልጋል፣ ቢያንስ ያኮርፋል። እሷ ምንም።

ለአጎትየው ደወልኩ።

«ልጅቷ እየበላች አይደለም።»

«ውጤቷስ?»

«ውጤቷ ጥሩ ነው።»

«እንግዲያውስ እግዚአብሔር ይመስገን። የፈተና ጭንቀት ነው፤ ልጅ ነች፣ ይለቃታል።»

ስልኩን ዘግቼ ብቻዬን ተሳደብኩ። እሳቸውን ይሁን ራሴን የሰደብኩት አላውቅም።

የሞዴል ፈተናው ባለቀበት ቀን ሌሎቹ እየተንጫጩ ወጡ። እሷ ዴስኩ ላይ ተደፍታ ቀረች። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

«ምን ሆነሻል የኔ ልጅ? ከበደሽ እንዴ?»

«አልከበደኝም።» ቀና ብላ በሩን አየች፤ ሰው አልነበረም። «ቲቸር፣ ሚኒስትሪው ቀኑ ሊቀርብ አይችልም?»

ሳቅኩ። «ሰው ሁሉ ይራዘምልን ይላል፣ አንቺ ይቅረብ ትያለሽ?»

«እማዬ እንድታለቅስ ብዬ ነው።»

ሳቄ ፊቴ ላይ ደረቀ። እሷ ግን ከጀመረች ወዲያ አልቆመችም፤ ጥያቄ እንደሚመልስ ተማሪ ረጋ ብላ ነገረችኝ። ያወቀችው ከደብረ ብርሃን የተመለሰች ዕለት ነው። የአባቷ ጫማዎች በሙሉ ከበሩ ሥር ተነስተዋል። «ህንድ የሚሄድ ሰው ጫማውን ሁሉ ይዞ ይሄዳል?» አለችኝ። እናቷ ከሥራ ስትመለስ በረንዳ ላይ ሆና ታያታለች። በጥቁር ልብስ ጎረቤት ቤት ትገባለች፣ በቢጫ ሹራብ ትወጣለች፣ ከዚያ እየሳቀች ወደ ቤት ትመጣለች። «መሳቅ አትችልበትም እኮ ቲቸር። ድሮም አትችልበትም።»

«ለምን ታዲያ አልነገርሻትም?»

«እኔ ፈተና እስክጨርስ ብላ ነው ራሷን የያዘችው። ማወቄን ከሰማች ትወድቃለች። እባክዎን ቲቸር፣ ለእማዬ እንዳይነግሯት። እኔ እችለዋለሁ።»

እችለዋለሁ ስትል ክንዷ ላይ የሰፋውን የዩኒፎርሟን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰበች።

ወደ ግቢው ወጣሁ። ሁለት አደራ ተሸክሜያለሁ፣ የአጎትየውንና የልጅቷን፤ አንዱን ካልበላሁ ልጅቷን ይበሏታል። ብናገርና ፈተናዋን ብትወድቅ? አፏ የማያርፍ አስተማሪ የልጅ ዕድል አበላሸች ነው የሚባለው፤ የአጎትየው ቁጣ አለ፣ የዳይሬክተሩም አለ። ብተወውና አንድ ጠዋት ሰልፍ ላይ ወድቃ ባትነሳስ? ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ቆሜ፣ ሐሳቤን ሳልቀይር ብዬ፣ ለእናትየዋ ደወልኩ።

«ምንም አይደለም፣ አይደንግጡ። ብቻ አሁኑኑ ብቅ ቢሉ» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት። ሰው ለመርዶ የሚጠራው በዚህ ቃል ነው። እናትየዋም እንደዚያው ነው የሰማችው።

«በሕይወት አለች?»

«አለች! አለች! ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች፤ በማርያም፣ ደህና ነች።»

ያመነችኝ አልመሰለኝም። ከጉርድ ሾላ እስክትደርስ ድረስ በሩ ላይ ቆሜ ጥፍሬን ስበላ ነበር። መገናኛ ላይ መንገዱ ተዘግቶ ይሆናል፣ ታክሲ ውስጥ ራሷን ስታ ይሆናል፣ ለወንድሟ ደውላ ዘመድ አዝማዱን ይዘው እየመጡ ይሆናል። ብቻዋን መጣች። ከታክሲው ወርዳ ዳገቱን በሩጫ ነው የወጣችው፤ ነጠላዋ አንገቷ ላይ ተጠምጥሟል።

ክፍል ገብታ ልጇን ከነነፍሷ ስታይ ግድግዳውን ተደገፈች። ልጅቷ ብድግ አለች። ዓይኗ እናቷ ልብስ ላይ አረፈ። ያኔ ነው እናትየዋ ምን እንደለበሰች ያስታወሰችው። ቁልቁል አየችና ፈገግ ለማለት ሞከረች።

«የመሥሪያ ቤት ሰው ለቅሶ ደርሼ ነው የመጣሁት» አለች። «አባትሽ እኮ ዛሬ...»

«እማዬ» አለች ልጅቷ።

እናትየዋ ወደ እኔ ዞረች፤ ዓይኗ ማን ነገራት ነው የሚለው። በአሉታ ራሴን ነቀነቅኩ። የነገራት ሰው እንዳልነበረ በዚያች ቅጽበት እንዴት እንደገባት አላውቅም፤ ብቻ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፣ ያን ሁሉ ወራት የታፈነው ለቅሶ ወጣ። ዘበኛው ሮጦ መጣ። መለስኩትና በሩን በጀርባዬ ዘግቼ ቆምኩ። መውጣት ነበረብኝ፤ እግሬ ግን እንቢ አለኝ።

ልጅቷ አላለቀሰችም። እናቷ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀቻት። ከዚያ ለብቻዋ ስታብሰለስለው የከረመችውን ጠየቀች።

«የት ነው የቀበራችሁት?»

«እንጦጦ ማርያም» አለች እናቷ። «እናቱ ጎን።»

«እዚህ?» ልጅቷ በመስኮቱ በየቀኑ ወደሚታያት የእንጦጦ ተራራ አየች፣ መልሳ እናቷን አየች። «እኔ እኮ ሩቅ የወሰዳችሁት መስሎኝ ነበር።»