ባለቤቴ ሄደው ያዩት ክፍል

ባለቤቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ አንድ ነገር ተበላሸ ሲባሉ መልሳቸው «ሄጄ ልየው» ነበር። እዚህ በሰው አገር፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ በአንድ ሆስፒታል፣ ሊን የሚባለውን የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ ለሠራተኞች ያስተምሩ ነበር። ችግርን ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት የዘዴው መጀመሪያ ነው ይሉ ነበር።

በፈረንጆቹ 2020 ኮሮና እንደገባ፣ በሆስፒታሉ የኮሮና ክፍል ሕሙማኑ ደወል ሲደውሉ ነርስ ቶሎ እንደማይደርስላቸው ለባለቤቴ ተነገራቸው። ሊሄዱ ሲነሱ ዋይትሆል ሰፈር ያለው ቤታችን በር ላይ ቆሜ መንገድ ዘጋሁባቸው።

«ጋሼ፣ ስብሰባው በዙም አይደል? በዙም ይዩት።»

«ዙም የሚያሳየኝ የአለቆቹን ግንባር ነው።»

«ሳንባዎት እኮ ደካማ ነው።»

«ለዚህ ነው ቶሎ የምመለሰው። በይ አሳልፊኝ።»

ሄዱ። ነርሶቹ አንድ ዕቃ በጎደለ ቁጥር መከላከያ ልብሳቸውን አውልቀው ይወጣሉ፤ ሊመለሱ ሲሉ እንደገና ይለብሳሉ። ይህን አይተው፣ ዕቃው በየሕመምተኛው ክፍል ውስጥ እንዲቀመጥ ከነርሶቹ ጋር አስተካከሉ። በሳምንቱ ታመሙ፤ ከሆስፒታልም አልወጡ።

ዓመቱ ሲዞር ከዚያ ክፍል አንዲት ሐበሻ ነርስ ልትጠይቀኝ መጣች።

«እሳቸው መጥተው ካዩልን ወዲያ ደወል ሲሰማ ቶሎ እንደርስ ነበር፣ እትዬ» አለችኝ።

ባይመጡላችሁ ኖሮ ዛሬ እዚህ ነበሩ ልላት አፌ ላይ ደረሰ። ግን ማንንም አስቀምጬበት በማላውቀው የእሳቸው ወንበር ላይ አስቀመጥኳትና፣ እሳቸው ወደ ክፍሉ ስለመጡባት ቀን ከመጀመሪያው እንድትነግረኝ ለመንኳት።