አይሸጥም ያልነው የኪራይ ቤት

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ ዘ ሄግ፣ ላክ ሰፈር ስንኖር፣ የተከራየነውን ቤት ለእኛው ሊሸጥልን ቤቱን ያከራየን የቤቶች ማኅበር ሰው መጣ። ምሳ እየበላን ስለነበር ባለቤቴ አስቀምጣ አጎረሰችው። እሱም የተስማማን መስሎት ገና አላምጦ ሳይጨርስ ብዕሩን አወጣ። ጉርሻ ውል መሰለው እንዴ!

«አልገዛም» አልኩት።

«ለተከራይ እኮ በርካሽ ነው። የራስዎ ቤት ቢኖርዎት ይጠላሉ?»

ሳሎኑ ጥግ ተጠቅልሎ የቆመውን ፍራሽ አሳየሁት። ከስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ የሚመጣ የአገራችን ሰው የኪራይ ቤት እስኪደርሰው የሚተኛው እዚያ ላይ ነበር። እኛም የጀመርነው በሰው ሳሎን ነው። ጎረቤቶቻችን የተከራዩትን ቤት መግዛት ከጀመሩ ወዲህ ግን የሚከራይ ቤት እየጠፋ፣ ፍራሹ ላይ ያረፈ ሁሉ መውጫ አጣ።

«ይህን ቤት ያገኘሁት ከእኔ በፊት የነበረው ተከራይ ስላልገዛው ነው» አልኩት። «እኔ ገዝቼ ቀጥሎ በሚመጣው ሰው ላይ በሩን ልዝጋበት?»

ሰውየው ተቀይሞ ሊነሳ ሲል ባለቤቴ ሁለተኛ ጉርሻ ይዛ ደረሰች።

«ይብሉ እንጂ፣ ምግቡ የእኛ ነው» አለችው። «ቤቱ ግን ነገ ለሚመጣው ሰው ነው፤ አይሸጥም።»