የወፍ ጩኸት የሚለዩት አባባ

የባለቤቴ አባት የአገራችንን የጽጽቃን ወፎች በኽምጣኛም በአማርኛም በየስማቸው ያውቋቸው ነበር። ወፍ ከጮኸ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ፤ ለምን እንደጮኸ ሳይለዩ አይቀጥሉም። እኔ ግን ድንጉጥ ነኝ፤ የጮኸ ሁሉ ጭልፊት ያየ ይመስለኛል።

አንድ ቀን ሕፃኗን ልጄን ከደጃችን ግራር ጥላ ሥር አስተኝቼ ማሽላ ሳበጥር፣ ወፎቹ በአንድ ጊዜ ተንጫጩ። «ጭልፊት!» ብዬ ወደ ዶሮዬ ጫጩቶች ሮጥሁ። አባባ ወደ ልጅቷ ሮጡና ብድግ አድርገው አቀፏት። እባብ ከተኛችበት ቁርበት ጫፍ ደርሶ ነበር።

«እንዴት አወቁ፣ አባባ?» አልኋቸው።

«ጭልፊት ሲመጣ ወፍ ዝም ብሎ ይደበቃል። ተሰብስቦ የሚሳደበው እባብን ነው። አንቺ ደግሞ ከወፎቹ በላይ እየጮህሽ መች ትሰሚያለሽ!» ብለው ሳቁ።

«ልጅሽን ትተሽ ለጫጩት ሮጥሽ» ግን አላሉኝም። ለባለቤቴም አልነገሩት፤ የነገርሁት እኔው ነኝ።

አባባ ካረፉ አርባ ቀን አልሞላም። ትናንት ወፎቹ ግራሩ ላይ እንደገና ተንጫጩ። እባብ መሆኑን አሁን አውቃለሁ፤ የት እንዳለ የሚያሳየኝ ግን የለም። ልጄን እንዳቀፍሁ፣ ወፎቹ እስኪበተኑ ድረስ ከደጃፉ ሳልወርድ ቆየሁ።