እህቴ ለጠፈርተኛዋ ያዋሰቻት ስም

ልጄ ከትምህርት ቤት ይዛው በመጣችው መጽሐፍ ውስጥ፣ ብርቱካንማ ልብስ የለበሰች ጠፈርተኛ የራስ ቁሯን ታቅፋ ስትስቅ ባየሁ ጊዜ፣ በረዶው በማይለቀው በዚህ የሰው አገር ኩሽና ቆሜ አማተብኩ፤ ጎንደር ቤታችን ግድግዳ ላይ ታላቅ እህቴ በሊጥ የለጠፈችው የዚህችው ሴት የጋዜጣ ፎቶ ትዝ ብሎኝ ነው።

እህቴ ያን ጊዜ አሥረኛ ክፍል ነበረች። የጠፈርተኛዋን ታሪክ እንደ ገድል በቃሏ ይዛው፣ የልብስ ሰፊ ልጅ መሆኗን፣ አውሮፕላን ማብረር ስትማር ወንዶቹ እንደሳቁባት፣ ከአገሯ ሴቶች ቀድማ ጠፈር መውጣቷን፣ አመሻሽ ላይ ግቢያችን ውስጥ ከዋክብቱን በጣቷ እያሳየች ስትተርክልኝ፣ እማዬ ከጓዳ "እሷ ስትንሳፈፍ የኔ ወጥ አረረ!" እያለች ታሾፍባት ነበር።

ያቺ ሴት ከጉዞ ስትመለስ መንኮራኩሯ ተቃጥላ መሞቷን በሬዲዮ የሰማን ዕለት፣ እህቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እንደ ቤተ ዘመድ አለቀሰች። በማግስቱም ለደብራችን አዲስ የተመደቡትን ቄስ ፍትሐት እንዲያደርሱላት ለመነቻቸው። ለሙት የሚጸለየው በክርስትና ስም ነውና ስሟን ሲጠይቋት፣ ጠፈርተኛዋ ክርስቲያን አለመሆኗን መናገር ፈርታ የራሷን የክርስትና ስም ሰጠች፤ ወለተ ኪዳን።

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ቄሱ እማዬን አስቁመው፣ "ለወለተ ኪዳን ፍትሐቱን አድርሻለሁ፤ እግዜር ያጽናሽ" አሏት።

"ምነው አባ! ወለተ ኪዳን ይችውና፣ አጠገቤ የቆመችው!"

እህቴ እያለቀሰች እውነቱን ተናገረች። ቄሱ "ልጅነት ነው፤ በስም ነፍስ አይወሰድም" ቢሉም እማዬ መች ሰምታቸው። "በቁምሽ ከሙታን ተደመርሽ!" እያለች ቤት ገብታ ፎቶውን ከነሊጡ ፋቀችው፤ ሞት ልጇን በዚያች ሴት በኩል የጠራት መሰላት። በዚያው ሳምንት ከትምህርት ቤት አስወጥታ፣ ጠበል እንድትጠመቅ ኮሶዬ ወዳለችው አክስታችን ላከቻት። አገር አቀፉ ፈተና እዚያው እንዳለች አለፋት፤ በዓመቱም እዚያው ዳሯት።

ነፍሷን ይማረውና እማዬ ላይ አልፈርድም። እግዜር የለመነችውን አላሳጣትም፤ እህቴ በሕይወት አለች፣ ወልዳ ከብዳለች፣ ለአምላኬም ስለዚህ አመሰግናለሁ። ምስጋናዬን ግን ጨርሼው አላውቅም፤ መሐል ላይ አንድ ነገር ይይዘኛል።

ባለፈው ደውዬላት ወሬ ሲያልቅብን፣ "ሰማዩ እንዴት ነው ዛሬ?" አልኳት።

"ዳምኗል፤ ቆይማ፣ በርበሬው ሳይረጥብብኝ ላስገባ" ብላ ስልኩን ዘጋችው።