ከጓሮ የጠፋው እንሶስላ

ጥሩወርቅ በኅዳር 2012 ከጎጃም ዕረፍቷን ጨርሳ ስትመለስ፣ ሻንጣዋ ውስጥ ሰባት የእንሶስላ ሥር ነበር፤ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በቀይ ክር ታስሮ። ዘጠኝ ዓመት በዓረብ አገር የሠራችበት የሸኽቦት ሲቲ ቪላ ጀርባ፣ በአጥሩና በማዕድ ቤቱ መካከል፣ ፀሐይ የማይደርስበት ጠባብ ጥግ አለ። የኤሲው ውሃ ጠብ ጠብ ይልበታል። እንሶስላ ደግሞ የወንዝ ዳርና የጥላ ልጅ ናት። አንዴ ሥር ከያዘች በየዓመቱ ራሷ ታቆጠቁጣለች። ነጭ አበባዋ ለዓይን ነው፤ ሥሯ ግን ተልጦ፣ ተወቅጦ፣ አውዳመት ሲቃረብ ሴቶች እጅና እግራቸውን ይሞቁታል።

ጥሩወርቅ ሥሮቹን ስትተክል ጨርቁንም ከነክሩ አብራ ቀበረችው። የአገሯ አፈር ነክቶታልና መጣል አልሆነላትም። ጧት ጧት እየኮተኮተች ታንጎራጉርላቸው ነበር፦

*ፀሐይ የማታይሽ የጓሮ እመቤት፣*
*ሥርሽን ሸሽጊ ሰው አለ ከቤት።*

መጋቢት ላይ ወረርሽኙ ሁሉንም ቤት ዘጋ። አሠሪዋ ማዳም ሰቢሃ ከጓንቷ አልለይ አለች፤ ሥራ ስታጣም የግቢውን ካሜራ በስልኳ ማየት ለመደች። አንድ ቀን ጥሩወርቅን ጓሮ ጠራቻት። አበባው ሥር አፈሩ ተጭሯል፤ ጨርቁና ቀዩ ክር ወጥተዋል።

«ምንድነው ይሄ?»

«አበባ ነው ማዳም።»

«አበባ ክር ያስራል? በየጧቱስ ለማን ነው የምታንሾካሹኪው?»

«እዘፍንለታለሁ።»

«ዘጠኝ ዓመት ለእኔ ዘፍነሽ አታውቂም!» አለች ማዳም፣ ሁለት ሜትር ርቃ። «ድግምት ከሆነ፣ ኤርፖርቱ በተከፈተ ማግስት አገርሽ ነሽ።»

ጥሩወርቅ እዚያው አንዱን ሥር ነቅላ ላጠች፣ ወቀጠች፣ መዳፏን ሞቀች። በማግስቱ እንደ ፍም የቀላ እጇን አሳየቻት። ማዳም ከሩቅ አሸተተች።

«ሕና ነው?»

«የእኛ አገር ሕና ነው።»

«ኸላስ፣ በቃ» አለች ማዳም። አላመነችም ግን፤ በሳምንቱ ሌላ ካሜራ ጥጉ ላይ ተሰቀለ።

ከዚያ ወዲያ ጥሩወርቅም ተጠራጣሪ ሆነች። ጧት ጧት ግንዶቹን ትቆጥራለች፦ ስድስት። ረመዳን ሊያልቅ ሲል ግን አምስት ሆኑ። በስድስተኛው ቦታ የተደለደለ አፈር ብቻ።

አል ዓይን ከተማ ያለችው ጓደኛዋ ሙሉዓለም በስልክ ይህን ስትሰማ ሳቀች። «አንቺ፣ አስማተኛ ሆነሽ ቀረሽ በቃ!»

«አትሳቂ። ማስረጃ ሊያደርጉብኝ ነው የወሰዱት።»

«ሹፌራችሁ ይሆናላ። ወስዶ ለአዋቂ ሊያሳየው።»

ሹፌሩ አብዱረሂም የወሎ ሰው ነው። መኪና ሲያጥብ ያዘችው።

«አፈሬን የነካኸው አንተ ነህ?»

«እኔ?» ጭምብሉን ዝቅ አደረገ። «እህት ዓለም፣ የራሴን ሽንኩርት እንኳ መላጥ የሚታክተኝ ሰው ነኝ! ካሜራው አለ አይደል፣ እሱን ጠይቂ።»

ወደ ጓሮ ሄዳ ቀና ብላ አየች። የጥጉ ካሜራ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል። ከአብዱረሂም ይልቅ ይህ አስፈራት። ካሜራውን ከማዳም በቀር የሚነካው የለም። እንግዲህ ሥሩ ፖሊስ ጋ ደርሶ ይሆናል እያለች፣ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ አጣጥፋ ጠበቀች።

የኢድ ጧት ደረሰ። የውበት ሳሎኖች እንደተዘጉ ናቸው፤ እንግዳ የለም። ጥሩወርቅ ቴምሩን አቀረበች። ማዳም ለመብላት አንድ ጓንቷን አወለቀች፤ ወዲያው ትዝ ሲላት እጇን ሸሸገች። ጥሩወርቅ ግን አይታዋለች፦ ጣቶቹ ቀልተዋል፤ እዚህ ጠቁሮ፣ እዚያ ነጥቶ፣ ዝንጉርጉር።



«ሳይልጡ ነው የሞቁት፣ ማዳም» አለች ጥሩወርቅ ቀስ ብላ።

ማዳም ቴምሯን አኘከች። ፍሬውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች።

«ስንት ቀርቶልሻል?»

«አምስት።»

«ለዐረፋ አንቺ ትልጫለሽ» አለች፣ እጇን ወደ ጓንቷ እየመለሰች። «ኤርፖርቱ ቢከፈትም።»

ጥሩወርቅ ጓሮ ወጣች። ነጩ አበባ በኤሲው ጠብታ ይወዛወዛል። ካሜራው አሁንም ግድግዳውን ያያል። አምስት ነበሩ። ለማንኛውም ብላ ደግማ ቆጠረች።